የአያ ሙሔ አስታማሚ

ወይራ አምባ ላይ ሕመምን አሳምሮ በመናገር አያ ሙሔን የሚስተካከል አልነበረም። ሐሜት አይደለም፤ ሰውዬው ወረቀት አለው። በ2091 ዓ.ም. ቀበሌው ሦስት ቀን ሙሉ የሰጠውን «የሕመም ገለጻ ሥልጠና» አንደኛ ሆኖ ጨርሶ፣ ማህተም ያረፈበት ምስክር ወረቀት ተቀብሎ፣ ከሟች ሚስቱ ከዘይነብ ፎቶግራፍ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። እንግዳ የመጣ እንደሆነ መጀመሪያ የሚያሳየው እሱን ነው።

ሥልጠናው ያስፈለገው በጠያቂዋ ምክንያት ነው። ጠያቂዋ የሚሏት ሾፌር የሌላት፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ነጭ የጤና መኪና ናት። በወረቀት ላይ ረጅም ስም አላት፤ ሰው ግን ጠዋት ጠዋት በየደጁ እየቆመች እንዴት አደራችሁ ስለምትል፣ እንደ ማንኛውም የታመመ ሰው ጠያቂ ቆጠራትና ስሙ በዚያው ጸና። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ድምፅ ሳታሰማ ዳገቱን ትወጣለች፤ ከየበሩ ፊት ቆማ መስኮቷን ዝቅ ታደርግና በለሰለሰ የሴት ድምፅ፣ በስም ጠርታ፣ «እንዴት አደሩ?» ትላለች። በሚመልሱላት ትመድባለች። አረንጓዴ ከሆኑ መድኃኒትዎን ሰጥታ ታልፋለች። ቢጫ ከሆኑ ቀጠሮ ይያዝልዎታል። ቀይ ከሆኑ አልጋዋ ከሆዷ ተስቦ ይወጣና ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ይዛዎት ትወርዳለች። ለአምባው የተመደበላት ቻርጅ በቀን አንድ ጊዜ ከተማ ደርሶ ለመመለስ ብቻ የሚበቃ ስለሆነ፣ በቀን ከአንድ ቀይ በላይ የለም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ የወሎን ሰው እንዴት አደርክ ብለው ሲጠይቁት ሌላ ምን ሊመልስ ኖሯል? «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና» ይላል። ክርስቲያኑም «እግዜር ይመስገን፣ ደህና» ይላል። ትኩሳት እያንቀጠቀጠው፣ ግድግዳ ተደግፎ ደህና ይላል፤ አልፎ ተርፎ መኪናዋን «አንቺስ ደህና አደርሽ? መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። እሷም አረንጓዴ ብላ መዝግባ፣ አመስግና ትሄዳለች። በመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ደህና ነን እያሉ የሞቱ ሰዎች በዙና ነው ከከተማ አሠልጣኝ የተላከው።

አሠልጣኟ ትዕግሥት የሞላት ወጣት ነበረች። ደህና የምትባለውን ቃል ከአፋችሁ አውጧት ብላ ጀመረች። ሰውን ሁለት ሁለት እያደረገች፣ አንዱ መኪና አንዱ በሽተኛ እየሆነ እንዲለማመድ አደረገች። ሕመማችሁን ከአንድ እስከ አሥር ባለው ቁጥር ንገሩኝ ስትል፣ የይመር ሚስት ሉባባ አንገቷን ደፍታ «ለእኔ ሁለት ይበቃኛል፤ የቀረውን ለባሰበት ስጡት» አለች። አዳራሹ ሳቀ፤ ሉባባ ግን የምሯን ነበር። ሦስቱንም ቀን ሳታጓድል መጥታ ከሁለት አላለፈችም። ሰው እስትንፋሱ እያለ ደህና አይደለሁም ካለ በፈጣሪው ላይ አማረረ ብላ ታምናለች፤ እናቷም እንዲሁ ነበሩ። ይህን በሦስት ቀን ሥልጠና ከሰው ማውጣት ዘበት ነው።

አያ ሙሔ ግን ተሰጥኦ ነበረው። ወገቡን ሲገልጽ የሰማ ሰው ሳያስበው የገዛ ወገቡን ይይዛል። ከስኳሩ በቀር ይህ ነው የሚባል ሕመም ሳይኖርበት ሁለት ጊዜ ቀይ ተብሎ፣ አልጋዋ ላይ ተኝቶ ወርዷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሐኪሞቹ ፈትሸው ምንም አጡበት። በመጀመሪያው ቀን ቻርጁን እሱ ስለጨረሰው የታችኛው ሰፈር ወላድ በጎረቤት እጅ ወለደች። እናትና ልጅ በሰላም ተላቀቁ፤ አምባው ግን አያ ሙሔን አንድ ወር ሙሉ ሰላም ሳይለው ከረመ። ከሁለተኛው በኋላ ራሷ ጠያቂዋ በዚያ በለሰለሰ ድምጿ አስጠነቀቀችው፤ ሦስተኛ ሐሰተኛ ጥሪ ከተመዘገበበት ለአንድ ዓመት በደጁ አትቆምም። የስኳሩን መርፌ የምታመጣለት ደግሞ እሷው ናት። ያለ እሷ መርፌውን ለማግኘት ጤና ኬላው ድረስ ሁለት ሰዓት ቁልቁል፣ ሦስት ሰዓት ሽቅብ በእግር ነው፤ እሱም ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው።

ታዲያ ምን አስጨንቆት አደረገው? ቀልማዳ ስለሆነ ነው ያሉ አሉ። የሆስፒታሉን ሾርባ ወዶት ነው ያሉም አሉ። እውነቱ ቀላል ነው። ዘይነብ ከሞተች አራት ዓመት አልፏታል፣ ልጆቹ ሩቅ ናቸው። ሆስፒታል ሲሄድ ግን አንድ ሰው እጁን ይዞ የት ላይ ነው የሚያምዎት ይለዋል፤ ብሎም መልሱን እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። ብቸኝነት ከአሥር ስንት እንደሚባል ሥልጠናው ላይ አላስተማሩትም፤ ስለዚህ ወገቤን አለ፣ ደረቴን አለ።

በጥቅምት ወር አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ አያ ሙሔ ደጁ ላይ ተቀምጦ ተራውን ሲጠብቅ፣ ይመር ሽርጡን በአንድ እጁ ሰብስቦ ዳገቱን እየሮጠ መጣ። ይመር የሚሮጥ ሰው አይደለም። ቤቱ ከአያ ሙሔ ቤት አሥር ቤት ዝቅ ብሎ ነው፤ ከዚያ እስከዚህ ሲደርስ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ስለነበር ነገሩን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደበት።

ሉባባ ከንጋት ጀምሮ ደረቷ ላይ ድንጋይ የተጫነባት ይመስል ጭብጥ ብላ ተቀምጣለች። በዚህ ብርድ ላብ ያሰምጣታል። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ጠያቂዋ መጥታ እንዴት አደሩ ወይዘሮ ሉባባ ስትላት፣ ግድግዳውን ይዛ ብድግ ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ አለቻት። ከአሥር ስንት? ሁለት። ይመር ከጎን ሆኖ ኧረ ውሸቷን ነው፣ እየሞተችብኝ ነው ብሎ ጮኸ። መኪናዋም ቤተሰብ እያጋነነ ስላስቸገረ ከሕመምተኛው ከራሱ በቀር የማንንም ቃል አትቀበልምና፣ «አመሰግናለሁ አቶ ይመር። የሕመሙ ባለቤት ትናገር» አለችው። ይመርም ባለቤቷ እኔ ነኝ እኮ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት በትዳር የኖርኩ ባለቤቷ፣ እያለ መስኮቷን ደበደበ። እሷ አረንጓዴ መዝግባ ወደ ጎረቤት አለፈች። አልጋው ላይ ላልተኛ ሰው ልብ አትለካም፤ አልጋው ደግሞ ለቀይ ካልሆነ አይወጣም።

«አንተ ታውቅበታለህ» አለ ይመር። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። «ና አስተምርልኝ፤ አንዲት ቃል ብቻ እንድትናገር አድርግልኝ። ተመልሳ እንድትጠይቃት እኔ መንገድ ላይ እተኛባታለሁ።»

አያ ሙሔ ዳገቱን ቁልቁል አየ። ጠያቂዋ አራተኛው ቤት ደርሳለች፤ ስድስት ቤት ቀርቷታል። ሉባባን በሦስት ቀን ያልገባት ነገር በስድስት ቤት ጊዜ አይገባትም። ቢቆጧትም ቢለምኗትም ደህና ነኝ እያለች ነው የምትሞተው፤ ይህን ከይመር በላይ የሚያውቅ የለም። ስለ መርፌው አሰበ፣ ስለ ሁለት ሰዓት ቁልቁለት አሰበ። ፈራ። ሰው ነውና እንደ ማንኛችንም ፈራ።

«የደነዘዘ እጅ አላት?» አለው።

«ግራው። ጣቶቼ አይሰሙኝም ስትል ሰምቻታለሁ፤ ለድመቷ ነው የነገረቻት።»

«በል ሂድ። ሉባባን፣ ሙሔ ታመመ፣ ሆስፒታል አብሮት የሚወርድ አስታማሚ የለውም በላት። እየተቻኮልክ ንገራት፣ ጊዜ አትስጣት። መኪናዋ ስትወርድ በደጃችሁ ስለምታልፍ በሩ ላይ ወንበር አውጥተህ አስቀምጣት፤ እንዳትራመድ።»

ይመር ነገሩ ገባውና የአያ ሙሔን ትከሻ ጨብጦ ቁልቁል ሮጠ። አያ ሙሔም ቤቱ ገብቶ ጫማውን አደረገ፣ የቀረችውን አንዲት መርፌ ኪሱ ከተተ፣ ተመልሶ ደፉ ላይ ጋደም አለ። ስንቱን ጊዜ በደስታ የተጫወተውን ጨዋታ ዛሬ ሳይወድ ጀመረው።

ጠያቂዋ መጥታ መስኮቷን ዝቅ አደረገች። እንዴት አደሩ አቶ ሙሔ አለች። ደህና አላደርኩም አላት። ደረቱ ላይ ድንጋይ እንደተጫነበት፣ ከንጋት ጀምሮ ላብ እንዳጠመቀው፣ የግራ እጁ ጣቶች እንደማይሰሙት ነገራት። እንደ ወትሮው አላስጌጠውም፣ አላቃሰተም። የሰው ሕመም ይዞ የቆመ ሰው በአደራ ዕቃ ላይ እንደማይጫወት ሁሉ፣ ይመር እንደነገረው አድርጎ ሳይጨምር ሳይቀንስ አስረከባት። ከአሥር ስንት ስትለው አሥር አለ።

«አቶ ሙሔ፣ ሁለት ሐሰተኛ ጥሪ አለብዎት። ሦስተኛው ከተረጋገጠ አገልግሎቱ ለአንድ ዓመት ይቋረጣል። ልቀጥል?»

«ቀጥይ» አላት።

«አስታማሚ አለዎት?»

«ሉባባ ሰይድ። እታች ቤት።»

አልጋው ተስቦ ወጣና ተኛበት።

ይመር ደጅ ሲደርሱ ሉባባ ወንበሩ ላይ የለችም። ቆማ ነበር። በአንድ እጇ ብርድ ልብስ፣ በሌላው ዳቦና ፔርሙዝ የያዘ ፌስታል አንጠልጥላ፣ ፊቷ የነጣ ጨርቅ መስሎ፣ ባሏን እየተቆጣች ነበር። ሰው ታሞ እንዲህ ይቆያል ወይ፣ ቀድመህ አትነግረኝም ወይ ትለዋለች። የአስታማሚው ወንበር ላይ ስትወጣ ይመር ከኋላዋ ሊገባ እግሩን አነሳ። አስታማሚ አንድ ብቻ ነው የሚፈቀደው አለችው መኪናዋ። በሩ ሲዘጋ አያ ሙሔ ከአልጋው ላይ ሆኖ በመስታወቱ አየው፤ ባዶውን ወንበር በሁለት እጁ ይዞ መንገዱ መሀል ቆሟል።

ቁልቁለቱ ሃምሳ ደቂቃ ነው። የሙሔ ልብ ደህና መሆኑን አልጋው ቢለካም ጠያቂዋ አንዴ ከተነሳች አትመለስም፤ አሁን የሚያሰጋው ጊዜው ነበር። ሉባባ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ ላብ የሌለበትን ግንባሩን በገዛ ላቧ የራሰ እጇ እየጠረገች፣ «አብሽር ሙሔ፣ አብሽር ወንድሜ፣ ምንም አትሆን» ትለዋለች። እንደዚያ አይነት ሐፍረት በሕይወቱ ተሰምቶት አያውቅም። አልጋው ይጎረብጠኛል፣ እስቲ አንቺ ጋደም በይበትና ልቀመጥ አላት፤ ታማሚ ነህ አትነሳ ብላ ደረቱን ይዛ አስተኛችው። አንቺም የደከመሽ ትመስያለሽ አላት። ዳገት ወጥቼ ነው አለችው። ኧረ ዳገትም አልወጣች።

ሦስተኛው ጥምዝ ላይ እጇ ከግንባሩ ላይ ቀስ ብሎ ተንሸራተተ። ቀና ሲል አንገቷ ዘንበል ብሏል። አያ ሙሔ ያን ታማሚ ነኝ ያለ ገላውን በአንድ ዝላይ ከአልጋው አወረደና፣ እንዴት እንዳነሳት ራሱም ሳያውቀው፣ አቅፎ አስተኛት። አልጋው ወዲያው ከእንቅልፉ ባንኖ ዓይኑን እንደገለጠ ሰው መብራት በመብራት ሆነ።

«አቶ ሙሔ፣ የልብዎ ምት እጅግ አደገኛ ነው። ፍጥነት እጨምራለሁ። ሐኪሞቹን እያነጋገርኩ ነው» አለች መኪናዋ። ከአልጋው ራስጌ ጭንብል ወረደ፤ አያ ሙሔ አፏና አፍንጫዋ ላይ አደረገላት። ጠያቂዋ እስከ ከተማ ድረስ ራሷን ለሳተችው ሴት አይዞዎት አቶ ሙሔ፣ ደርሰናል አቶ ሙሔ እያለች ነዳች። እውነተኛው ሙሔ የአስታማሚው ወንበር ላይ ሆኖ የሉባባን ግራ እጅ ጨብጦ ያለቅስ ነበር። ማንም ስለማያየው ዝም ብሎ አለቀሰ።

ሆስፒታሉ በር ላይ አራት ሰዎች ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። የሙሔ አሊ ልብ ነው የተባለው፣ የታለ ሰውዬው አሉ። እሷ ናት አላቸው። ሊጠይቁት አልቆሙም፤ ይዘዋት ሮጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሐኪሙ ወጥቶ የተዘጋውን የልቧን ደም ሥር እንደከፈቱት፣ ግማሽ ሰዓት ብትዘገይ ኖሮ እንደማይደርሱባት ነገረው። አያ ሙሔ ለይመር ደወለ። ይመር ስልኩ ላይ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ፤ ከዚያ በእግሩ ተነስቶ መንገድ እንደጀመረ ተናገረ። እስኪደርስ ይመሻል ቢለው አልሰማውም።

እንግዲህ አያ ሙሔ የራሱ ነገር ቀረው። ፈተሹት፣ ምንም አጡበት፣ ደግመው ፈተሹት። ሲስተር ጦይባ የምትባል፣ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተቀብላ የሸኘችው ነርስ፣ ሉባባ ወደተኛችበት ክፍል አስገብታ ከአልጋዋ አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ጠርታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አማከረችው። ጥሪው ገና ክፍት ነው። እስከ ነገ ጠዋት አሞኛል እንዳለ ካደረ፣ ሐኪሙ ያልተለየ ሕመም ብሎ ይዘጋዋል፤ እንደ ሐሰተኛ አይቆጠርበትም። እነሱም የሆነውን ነገር ያውቃሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሊያልፉት ተስማምተዋል። ግድግዳው ላይ ያለው ጆሮ ግን ከሰማ ሰምቷል፤ እሱን የሚያስፍቅ ሰው የለም።

«አባቴ፣ ነፍስዎን ይጠብቁ» አለችው። «እስከ ነገ ድረስ ያቺን ቃል ብቻ እንዳይሏት።»

«ለዚህስ እኔን ማን ያህለኛል» አላት አያ ሙሔ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

እውነቱን ነበር። ጆሮ የሚሏት ግድግዳው ላይ ያለች የቁልፍ ቀዳዳ የምታህል ጥቁር ነገር ናት። በየሁለት ሰዓቱ አሁን እንዴት ነዎት አቶ ሙሔ ትለዋለች። ወገቤን ይቆርጠኛል ይላታል። ትከሻዬ ሥር ይወጋኛል፣ ጉልበቴ ይቃጠላል። ለምሳ ሾርባ ሲመጣለት እንኳ ማንኪያውን ሲያነሳ ማቃሰቱን አልዘነጋም። በዚህ ዓይነት ነገ ጠዋት ድረስ ቀርቶ እስከ ረመዳን ሊዘልቅ ይችል ነበር።

አሥር ሰዓት ገደማ ሉባባ ዓይኗን ገለጠች። ጣሪያውን አየች፣ ክንዷ ላይ የተሰኩትን ቱቦዎች አየች፣ ምንም አልገባትም። ከዚያ ከጎኗ የተቀመጠ የሰው ጥላ አየችና ለመነሳት ሞከረች።

«ሙሔ ነህ? ምነው ተነሳህ? እኔ እንቅልፍ ጣለኝ፣ አንተን ማን አየህ?»

አያ ሙሔ አንቺ ተኚ፣ ዝም በይ አላት። ሲስተር ጦይባ ሮጣ መጥታ ትከሻዋን ያዘች፤ ዛሬ መነሳት የለብዎትም፣ ልብዎ አይችለውም አለቻት። ሉባባ ስለ የትኛው ልብ እንደሚወራ አላወቀችም። በሽተኛውን ጥላ የተኛች አስታማሚ ናት፤ የሚታያት ይኸው ብቻ ነው። ከራስጌዋ ያለው ስክሪን የልቧን ምት ቁጥር ያወጣው ጀመር። መቶ አሥር፣ መቶ ሃያ አምስት፣ መቶ አርባ።

«እንዴት ነህ ነው የምልህ? ደረትህ ተወህ?»

አያ ሙሔ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። መነጽሯን አውልቀውባት ስለነበር አላየችውም። እጇን ያዘና ጨመቅ አደረጋት፤ እሷ ሕመሙ ብሶበት የጨበጣት መስሏት ጭራሽ ክርኗን አልጋው ላይ ተክላ ብድግ አለች። ቱቦው ተወጠረ። መቶ ሃምሳ አምስት አለ ስክሪኑ፤ ይጮህም ጀመር። ሲስተር ጦይባ መጀመሪያ ግድግዳውን አየች፣ ቀጥላ አያ ሙሔን አየች።

ኪሱ ውስጥ ያለችው መርፌ ለዛሬ ማታ ናት። ከነገ ጀምሮ ደጁ ላይ ቢቀመጥ የሚቆምለት የለም፤ በስሙ የሚጠራውም የለም። ይህን ሁሉ አሰበው፣ አሳጥሮ አሰበው፣ ሉባባ ሌላኛውን ክርኗን እያነሳች ነበርና።

«ደህና ነኝ ሉባባ» አላት። ድምፁን አልቀነሰም፤ ቢቀንሰው አታምነውም። «አልሐምዱሊላህ፣ ደረቴም ተወኝ፣ ምንም የቀረኝ ሕመም የለም። ፍጹም ደህና ነኝ።»

«ደስ ብሎናል አቶ ሙሔ» አለ ግድግዳው። «ጥሪዎ ተዘግቷል።»

ሉባባ ግድግዳውን አልሰማችውም። «እንግዲያስ ትንሽ ልተኛ» ብላ ራሷን ትራሱ ላይ መለሰች። ስክሪኑ መቶ ሠላሳ አለ፣ መቶ አሥር አለ፣ ቆይቶ ዘጠና ላይ ረጋ። ሲስተር ጦይባ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ዓይኗን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች። አያ ሙሔ ከቤቷ ያመጣችውን ብርድ ልብስ ከወንበሩ ሥር አንስቶ፣ ዘርግቶ፣ እግሯን አለበሳት።